የቱን ቋንቋ ልማር? በምን ልማር? ለድሬ ሰው የሚሆን ማነጻጸሪያ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ በር ላይ ያዘችኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትና ውጤት እየጠበቀች ነው። «ጋሼ፣ ውጤት እስኪመጣ ቋንቋ ልማር ብዬ ነበር። ቻይንኛ ይሻለኛል ፈረንሳይኛ?» አለችኝ። ከማን ጋር ልታወሪበት ነው አልኳት። ዝም አለች። ቀጥላ «ኧረ ከማንም! ለወደፊት ብዬ ነው እንጂ» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። «ለወደፊት» በሚል ሰበብ እኔም ብዙ ብርና ብዙ ምሽት አቃጥያለሁ። በር ላይ ቆሜ ያልነገርኳትን እዚህ ላራግፈው።

ምክሬን በልኩ እንድትወስዱት መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። የቋንቋ መምህር አይደለሁም። ድሬዳዋ ውስጥ ትራንዚተር ነኝ፤ ቀኔ የሚያልፈው በኮንቴይነር ወረቀትና በስልክ ነው። አማርኛና ኦሮምኛ አፌን የፈታሁባቸው ናቸው። ሶማልኛን መጋላ ውስጥ ኳስ ስጫወት ለቀምኩት። እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ጀምሬ ሥራ ላይ እየጨረስኩት ነው (አያልቅም)። ፈረንሳይኛ አንዴ ወድቄበት እንደገና የያዝኩት ነው። ዐረብኛዬ ገና ይድሃል።

የፈረንሳይኛው አወዳደቅ እንዲህ ነው። ዱኦሊንጎ የሚባለውን ባለ አረንጓዴ ጉጉት አፕ ጭኜ 214 ቀን ሳላቋርጥ ሠራሁ። ሠርግ ላይ ሆኜ ሠርቻለሁ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ጀርባ ሄጄም ሠርቻለሁ፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ። ክረምት ላይ የጅቡቲ ሙቀት አያስቀምጥም፤ አቅም ያለው ወደኛና ወደ ሐረር ብቅ ይላል። ከነሱ አንዱ፣ ባለ ዕቃ ነው፣ ቢሮ መጣ። ቦንዡር አልኩት። ቦንዡር ብሎ ቀጠለበት። አንድ ቃል አልያዝኩም። ላብ አጠመቀኝ። ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረችው ድመቷ ወተት ትጠጣለች የምትል ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት። ሰውዬው ፈገግ አለና «ወርያ፣ አፍ ሶማሊ መ ታቃን?» አለኝ። ሶማልኛ ትችላለህ ወይ ማለቱ ነው። በአሥር ደቂቃ ጉዳያችንን ጨርሰን ሻሂ ጠጣን።

የጅቡቲ የመንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው፣ ይሄ እውነት ነው። ገበያው የሚሄደው ግን በሶማልኛና በአፋርኛ ነው። እኔ ካርታ አይቼ ቋንቋ መረጥኩ፤ ሰው አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ ሌላውን ሁሉ ትቼ አንድ ጥያቄ ነው የምጠይቀው። በሚቀጥለው ስድስት ወር በዚህ ቋንቋ የማወራው ሰው ማን ነው? ስሙን ጥሩት። «ቻይናዎች» አይባልም፣ ስም ነው። ስም ከጠፋ ቋንቋው ይቆይ።

እንግሊዝኛ፣ የምናውቀው የሚመስለን

እንግሊዝኛ ላይ የኛ ችግር ከሌላው ይለያል። ከ«ኤ ቢ ሲ ዲ» የሚጀምር ኮርስ አያስፈልገንም። ሃይስኩል ሙሉ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ተምረናል። እኔ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ክፍል ውስጥ ገባና ከስክሪኑ መምህር ጋር ተዋወቅን። ያኔ ትልቅ ፈጠራ ነበር። ሰውየው ግን ይሮጣል። ጥያቄ ይጠይቅና መልስ ሳንሰጥ «ቬሪ ጉድ» ብሎ ያልፋል። ማስቆም አይቻልም፣ ይደገምልን ማለት አይቻልም፣ መብራት ከሄደ ደግሞ ትምህርቱም አብሮ ሄደ። ዛሬ ዩቲዩብ ላይ ያለው አስተማሪ ከሱ የሚበልጠው በእውቀት አይመስለኝም። ጣት ሲነካው ስለሚቆም ነው።

ውጤቱ ምን ሆነ? እናነባለን፣ ፊልም እናያለን፣ ስንናገር ግን ምላስ ይታሰራል። ስለዚህ እንግሊዝኛ ላይ ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ አፍ የሚያስከፍታችሁን ብቻ ምረጡ። የሰዋስው መጽሐፍ በአምስተኛ ጊዜ መግዛት ይብቃ። «ፓስት ፐርፌክት» ምን እንደሆነ በአማርኛ አሳምሮ የሚያስረዳ፣ በእንግሊዝኛ ግን ትናንት የት እንደዋለ መናገር የሚያቅተው ሰው አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ስላጭ መስታወቱ ውስጥ ይታየኛል።

አነጋገር ላይ ሦስት ነገር ብታርሙ ግማሽ መንገድ ሄዳችሁ። አንደኛ፣ «እስፖርት» «እስኩል» እያልን ፊት ላይ የምንቀጥላት «እ» ትውጣ። ሁለተኛ፣ ምላስን ጥርስ መሃል አድርጎ የሚወጣውን ድምፅ «ዝ» ወይም «ስ» አናድርገው። ሦስተኛ፣ መርከብና በግ። በእንግሊዝኛ አንዱ አጭር ሌላው ረጅም ነው፤ እኛ ሁለቱንም «ሺፕ» ብለን በግ ወደብ ላይ እናራግፋለን።

ፈተና የሚፈልግ ካለ አይኤልትስና የዱኦሊንጎ የእንግሊዝኛ ፈተና ብዙ ጊዜ ይነጻጸራሉ። አይኤልትስ ከ0 እስከ 9 ይመዝናል፣ አራት ክፍል አለው፣ የንግግሩ ክፍል ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ከሰው ጋር ፊት ለፊት ነው፣ ውጤቱ ለ2 ዓመት ይሠራል። ብዙዎቻችን ለዚህ አዲስ አበባ መሄድ አለብን፤ ትራንስፖርትና አልጋ ደምሩበት። የዱኦሊንጎው ቤት ሆኖ በኮምፒውተር ካሜራ ፊት የሚሰጥ ነው፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ዋጋውም በጣም ይቀንሳል። ግን ኔት ወይም መብራት መሃል ላይ ቢቋረጥ? ድሬ ላይ ይሄን ጥያቄ የማይጠይቅ ሰው አዲስ ገቢ ነው። ጄኔሬተር ካለበት ቢሮ ክፍል ለምናችሁ ተፈተኑ። ከዚያ በፊት ግን የምታመለክቱበት ዩኒቨርሲቲ የቱን እንደሚቀበል ጠይቁ። ከከፈሉ በኋላ የጠየቁ አጋጥመውኛል።

ዐረብኛ፣ ሩቅ የሚመስለው ጎረቤት

ለአማርኛ ተናጋሪ ከዓለም ትልልቅ ቋንቋዎች በጣም የሚቀርበው ዐረብኛ ነው ስል ሰው ይስቅብኛል። እስቲ እንቁጠር። አራት፣ አርበዐ። አምስት፣ ኸምሳ። ሰባት፣ ሰብዐ። ዘጠኝ፣ ቲስዐ። አሥር፣ ዐሸራ። ስምንት ደግሞ ሰማንያ ነው፣ ወይም እንደ አገሩ ተማንያ። ለኛ ሰማንያ 80 ነው፣ ለነሱ 8። ዋጋ ስትነጋገሩ ተጠንቀቁ።

ቤት በይት ነው። ስም ኢስም፣ ራስ ረእስ፣ ደም ደም፣ ነፍስ ነፍስ፣ ሞተ ማተ፣ ሰማ ሰሚዐ። ሁለቱም ሴማዊ ናቸው። ከቃላቱ በላይ የሚጠቅማችሁ አጥንቱ ነው። እኛ «ጻፈ» ብለን ከዚያው ሥር ጸሐፊ፣ ጽሑፍ፣ ጽሕፈት እንደምናወጣ እነሱ «ከተበ» ብለው ካቲብ፣ ኪታብ፣ መክተብ ያወጣሉ። ሦስት ተነባቢ ይዞ ውስጡን መቀያየር ለአሜሪካዊ ራስ ምታት ነው። ለኛ የእናታችን ጓዳ ነው።

ይሄን የምለው በምክንያት ነው። ኢንተርኔት ላይ «ከባድና ቀላል ቋንቋዎች» የሚል ሠንጠረዥ ይዞራል። ምንጩ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያሰለጥንበት ተቋም ነው። ፈረንሳይኛ ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት፣ ስዋሂሊ 900፣ አማርኛ 1100፣ ዐረብኛና ቻይንኛ 2200 ይላል። ልክ ነው፣ ግን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው የተሠራው። እኛ አማርኛውን በነጻ አግኝተነዋል። ዐረብኛ ላይ ያለውን ቁጥር ለኛ ቀንሱት፤ ቻይንኛው ላይ ግን የምትቀንሱት የለም።

ድምፁስ? አማርኛ ሐ እና ዐን በፊደል ይዞ በአፍ ጥሏቸዋል። ሶማልኛ ግን ሁለቱንም አልጣለም። ሶማልኛ የሚናገር የድሬ ልጅ የዐረብኛን ከባድ ድምፆች ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲላቸው ነው የኖረው። አማርኛ ብቻ የሚናገር ሰው ጉሮሮውን ለሁለት ወር ማሠቃየት አለበት። እኔ ሶማልኛዬ ጠቀመኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። የቱን ዐረብኛ? መጽሐፉ፣ ዜናውና ቁርአኑ በፉስሓ ነው። ማንም ግን በፉስሓ ቲማቲም አይገዛም። «ምን» ለማለት መጽሐፉ «ማዛ» ይላል፣ ጅዳ «ኤሽ»፣ ካይሮ «ኤህ»። «አሁን» በመጽሐፍ «አልአን» ነው፣ ጅዳ ላይ «ደሒን»፣ ባሕረ ሰላጤው ላይ «አልሒን»። ዱኦሊንጎን ጨምሮ ብዙው አፕ የሚሰጣችሁ ወደ ፉስሓ የሚያደላውን ነው። ለሥራ ሳዑዲ ወይም ዱባይ የሚሄድ ሰው ያንን ይዞ ቢሄድ ይገባቸዋል፤ እሱ ግን አይገባውም። ለሥራ ከሆነ የአገሩን አነጋገር፣ ለንባብ ከሆነ ፉስሓን ያዙ። ሁለቱን ባንዴ የጀመረ ሰው ሁለቱንም ሲያቀላቅል አይቻለሁ፣ ያ ሰው አሁንም እኔ ነኝ።

መድረሳ የሄደ ሰው ካላችሁ ትልቅ ዕዳ ቀሎለታል፤ ፊደሉን ያነባል። የቀረው ያነበበውን መረዳት ነው።

ፈረንሳይኛና ቻይንኛ፣ የባቡር ቋንቋዎች

ድሬ የባቡር ልጅ ናት። በ1895 ዓ.ም. የፈረንሳዮቹ ሐዲድ ደርሶ ነው ከተማ የሆነችው። ለገሃር የሚለው ስም ራሱ «ላ ጋር» ነው፣ ጣቢያው ማለት። ሸመንደፈር፣ ቢሮ፣ ሹፌር፣ ጋራዥ ሁሉ ከዚያው ቤት የመጡ ናቸው። አዲሱ ባቡር ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። አያት ፈረንሳይኛ፣ የልጅ ልጅ ቻይንኛ። እንዲህ ካየነው ጥያቄው የወረት ይመስላል። እስቲ በጥቅም እንየው።

ፈረንሳይኛ አፋችን ላይ ግማሹ ይገባል። ዥ አለን፣ ኝ አለን። በአፍንጫ የሚወጡት አናባቢዎችና አፍ አሹሎ የሚባለው «ዩ» ትንሽ ያስቸግራሉ። ከሁሉም የከፋው ግን የሚጻፈውና የሚነበበው መራራቁ ነው። አምስት ፊደል ጽፈው ሁለቱን ያነባሉ። ስለዚህ በዓይን ብቻ የተማረ ሰው በጆሮው መስማት አይችልም፣ እኔ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። በሥራ በኩል የጅቡቲ ቢሮና የወደብ ሰነድ፣ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ፣ ኩቤክ አሉ። ዴልፍ የሚባለው የፈረንሳይኛ ዲፕሎማ አንዴ ከተገኘ አይቃጠልም፤ ከአይኤልትስ በዚህ ይበልጣል። ጅቡቲ ሸቀጥ ለማምጣት ብቻ ከሆነ ግን ሶማልኛ ተማሩ። ወላሂ ይሻላችኋል።

ቻይንኛ ላይ ሰው የሚፈራው ጽሕፈቱን ነው። መፈራት ያለበት ዜማው ነው። «ማ» በአራት ዜማ ሲባል እናት፣ ተክል፣ ፈረስና ስድብ ይሆናል። እኛ ግን ጨርሶ ባዳ አይደለንም። ዋና ስንል መዋኘቱ ነው ወይስ ዋነኛው? ገና ስንል በዓሉ ነው ወይስ ያልደረሰው? ፊደሉ አንድ ነው፣ የሚለያቸው መጥበቅና መላላት ነው፣ አማርኛ የሚማር ፈረንጅ በዚህ ያለቅሳል። ጆሯችን በትንሽ ነገር ትርጉም መለየት ለምዷል፣ ለዜማውም ይለምዳል። ሰዋስዉ ደግሞ ያስደስታል፤ ሄድኩ፣ ሄድሽ፣ ሄዱ ብሎ ግስ ማርባት የለም። ኤችኤስኬ የሚባለው ፈተና በቀድሞው አከፋፈል አንደኛ ደረጃው 150 ቃል፣ ሁለተኛው 300፣ ሦስተኛው 600፣ አራተኛው 1200 ነበር። እስከ 300 ያለው በላቲን ፊደል ድምፁን ብቻ ይዞ የሚደረስበት ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራ፣ ወይም ጓንግዡ ድረስ ሄዶ ዕቃ የሚገዛ ሰው ስም መጥራት ይችላል፤ ይጀምር። ሥዕል የመሰለውን ጽሕፈት በኋላ ይድረስበት። ሌላው ሰው «ቻይና ዓለምን ልትገዛ ነው» በሚል ወሬ ተነስቶ ከሆነ በሦስተኛው ሳምንት እንደሚያቆም አሁኑኑ ልንገረው።

ጀርመንኛ የሚማሩት ልጆች አብዛኞቹ ቪዛ ይዞ ለመሄድ ነው፤ የሚጠየቀውን ደረጃ አውቀው እስከዚያ ድረስ ብቻ ይማሩ። ኮሪያኛ በድራማ የተጀመረ ፍቅር ነው፣ ፍቅር ደግሞ አይመከርም። ስዋሂሊ ናይሮቢ ለሚመላለስ ሰው በጣም ያዋጣል፣ ውስጡ የተሞላው በዐረብኛ ቃል ስለሆነ ኪታቡ፣ ሰዓቱ፣ ሂሳቡ ከወዲሁ የሚታወቅ ነው።

አንድ ነገር ግን ልናገርና ተቆጡኝ። ድሬ እየኖራችሁ ኦሮምኛም ሶማልኛም የማትችሉ ከሆነ ከላይ ያልኩትን ሁሉ እርሱት፣ ከነሱ በአንዱ ጀምሩ። አስተማሪው ነጻ ነው፣ ልምምዱ ባጃጅ ውስጥ ነው፣ ፈተናው ቀፊራ ገበያ ነው። ሁለቱም በላቲን ይጻፋሉ፣ ሶማልኛ በፈረንጆቹ ከ1972 ጀምሮ፣ ኦሮምኛ በቁቤ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ። አንድ ፊደል ግን በሁለቱ አንድ ዓይነት አይነበብም። ኤክስ በኦሮምኛ ጥ ነው፣ በሶማልኛ ሐ። ሲ በኦሮምኛ ጭ፣ በሶማልኛ ዐ። ታክሲ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ስታነቡ መጀመሪያ የማን እንደሆነ እወቁ።

በምን ልማር?

ድሬ ላይ የብዙ ሰው ቋንቋ የሚጀመረው ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ነው። ምርቃናው ሲመጣ አምስት ቋንቋ ይታቀዳል፣ ደብተር ይገዛል፣ አፕ ይጫናል። ማታ ላይ ደብተሩ የባጃጅ ሂሳብ ይጻፍበታል። ስለዚህ መማሪያ ስትመርጡ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ሥራ በዝቶባችሁ እያለ የምትሠሩበትን ምረጡ።

አፕ ልማድ ይሠራል። ጥሩ ጎኑ ይሄ ነው፣ ጥሩ ጎኑ በሙሉም ይሄ ነው። ዱኦሊንጎ ለሕዝብ የተከፈተው በፈረንጆቹ 2012 ነው፤ ነጻ ነው፣ ዐረብኛም ቻይንኛም ስዋሂሊም አለው። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ የሉትም፣ ማብራሪያውንም በአማርኛ አያገኙትም፤ ማለትም ሌላውን ቋንቋ በእንግሊዝኛ በኩል ነው የምትማሩት። ለጀማሪ ሁለት ወር ይበቃል። ከዚያ በኋላ የምትጠብቁት ቋንቋውን ሳይሆን የቀኑን ቁጥር ነው። 214 ያልኳችሁን አስታውሱ።

ትምህርት ቤት ሄጄ ተቃጥያለሁ። ስሙን አልጠራም። ክፍሉ ውስጥ ሠላሳ ሆነን ተቀመጥን። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ እኛ እንገለብጣለን። አራት ወር ስንጨርስ በፕላስቲክ የተሸፈነ የምስክር ወረቀት ሰጡን፣ ወረቀቱ ከኛ ይልቅ ፈረንሳይኛ ይችላል። እና አሁን ለሰው የምነግረው ሒሳብ ይሄ ነው። ክፍለ ጊዜው አንድ ሰዓት ነው እንበል። መምህሩ 40 ደቂቃ ካወራ 20 ደቂቃ ይቀራል። ለሠላሳ ሰው ሲካፈል 40 ሴኮንድ ይደርሳችኋል። ለ40 ሴኮንድ ነው የምትከፍሉት። ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ልይ በሉ፣ እምቢ ካሉ ደህና ዋሉ በሉ። ስምንት ሰው ያለበት፣ ወንበሩ በክብ የተደረደረ፣ ተማሪው እየተሳሳተ የሚያወራበት ክፍል ካገኛችሁ ግን አትልቀቁት።

የግል አስተማሪ ውድ ነው ይባላል። የሚወዳደረው ግን በሰዓት ሳይሆን በአፍ ነው፤ ሠላሳ ደቂቃ ከአንድ ሰው ጋር ብትቀመጡ ቢያንስ አሥራ አምስቱን እናንተ ታወራላችሁ። ያንን በ40 ሴኮንድ አካፍሉት። ለኔ ፈረንሳይኛን ያስነሡልኝ አንድ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፣ ከዚራ ዛፍ ሥር ነው የሚቀመጡት። ክፍያቸው ቡናና ጨዋታ ነው። ስልት የላቸውም። አንድ ሕግ ብቻ ነው ያላቸው። በአማርኛ ካናገርኳቸው አይሰሙም።

«አባባ፣ እንዴት አደሩ?»

ዝም።

«አባባ!»

«ኦን ፍራንሴ!»

መጀመሪያ ቀን ሦስት ደቂቃ አወራሁ፣ ሁለቱን ደቂቃ ቃል ስፈልግ ነው ያጠፋሁት። በሦስተኛው ወር ስለ ድሮው የደቻቱ ጎርፍ ተጨቃጨቅን። መጨቃጨቅ ችያለሁ ማለት ነው።

ሰው ካልተገኘስ? እዚህ ላይ ነው አዲሱ ነገር የሚጠቅመው። ቻትጂፒቲና መሰሎቹ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሁሉም ሰው ስልክ ውስጥ ገብተዋል። ብዙ ሰው ግን የሚጠቀምባቸው እንደ መዝገበ ቃላት ነው፣ ወይም የቤት ሥራ ለማሠራት። እንደ ጨዋታ ጓደኛ ተጠቀሙባቸው። እኔ የምጽፍለት እንዲህ ነው፦ «አንተ ጅዳ ውስጥ ስልክ የምትሸጥ ባለሱቅ ነህ። እኔ ልገዛ መጥቻለሁ። በጅዳ አነጋገር፣ በአጭር በአጭሩ አናግረኝ። ዋጋ አትቀንስልኝ፣ ልከራከርህ። ስሳሳት አታቋርጠኝ። አሥር ጊዜ ከተመላለስን በኋላ ትልልቆቹን ሦስት ስህተቶቼን ብቻ ንገረኝ፣ ማብራሪያውን በእንግሊዝኛ አድርገው።»

እያንዳንዷ መስመር በከንቱ አልገባችም። አጭር ካላሉት ድርሰት ይጽፋል። አትቀንስ ካላሉት ወዲያው ይስማማና ጨዋታው ያልቃል። ሦስት ብቻ ካላሉት ሃያ ስህተት ዘርዝሮ ሞራላችሁን ይሰብራል። በእንግሊዝኛ ያልኩት አማርኛው አንዳንዴ ስለሚወላገድ ነው። ማስጠንቀቂያም አለኝ። ያሞግሳል፣ «ግሩም ነው!» ሲላችሁ አትመኑት። ሳያውቅም በልበ ሙሉነት ይናገራል፤ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ላይ ጠንካራ ነው፣ የአገር አነጋገር ዐረብኛ ላይ ይደነቃቀፋል፣ ሶማልኛና ኦሮምኛ ስሠራበት ደግሞ ጎረቤት ብጠይቅ ይሻለኝ ነበር። በድምፅ ማውራቱ ጥሩ ኔት ይፈልጋል። ሳፋሪኮም ነሐሴ 2014 ዓ.ም. አገልግሎቱን መጀመሪያ የሞከረው እኛው ድሬ ላይ ስለሆነ ቢያንስ ሁለት ሲም ይዞ መቀያየር ለምደናል።

ጉግል ትርጉም አማርኛን በ2016፣ ኦሮምኛን በ2022 በፈረንጆቹ ጨምሯል። ቃል ለመፈለግ ይሁን። ዓረፍተ ነገር አስተርጉማችሁ አታስታውሱትም።

ቃል ለመያዝ ከሁሉ የበለጠኝ የብስኩት ካርቶን ነው። በወፍራም ወረቀት ሦስት ቦታ ከፈልኩት። ትንንሽ ወረቀት ቆርጬ ፊቱ ላይ የአማርኛውን፣ ጀርባው ላይ የዐረብኛውን ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ቃል ብቻውን አልጽፍም፤ «ዋጋው ስንት ነው» እጽፋለሁ እንጂ «ዋጋ» ብዬ አልተውም። አዲሱ ሁሉ መጀመሪያው ክፍል ይገባል፣ እሱን በየቀኑ አያለሁ። ያወቅኩት ወደ ሁለተኛው ይሻገራል፣ እሱ በየሦስት ቀኑ ነው። እዚያም ካወቅኩት ሦስተኛው ይገባል፣ በየሳምንቱ። የረሳሁት የትም ቢሆን ተመልሶ መጀመሪያው ጋ ይወድቃል። ልጄ እስር ቤት ይለዋል። ነገሩ የኔ ፈጠራ አይደለም፤ ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ በ1885 ሰው እንዴት እንደሚረሳ በራሱ ላይ ሞክሮ ጽፏል፣ ሊረሳ ሲል ማስታወስ የሚለው ሐሳብ ከዚያ ወዲህ ብዙ መልክ ይዟል። አንኪ የሚባለው አፕ ይሄንኑ በኮምፒውተርና በአንድሮይድ በነጻ ይሠራል፣ አይፎን ላይ ያስከፍላል። እኔ ካርቶኑን የመረጥኩት ስልክ ስከፍት ቴሌግራም ስለሚጠልፈኝ ነው።

ለጆሮ ደግሞ ቢቢሲ ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች የሚያወጣት የስድስት ደቂቃ ዝግጅት አለች፣ ነጻ ናት። ስድስቱንም ደቂቃ አትስሙ። አንዱን ደቂቃ ያዙና ተናጋሪው ሳይጨርስ ከኋላው እየተከተላችሁ በሉት፣ አሥር ጊዜ፣ በቃሉ ሳይሆን በዜማው። ባጃጅ ውስጥ ካደረጋችሁት ሰው ያያችኋል። ይየው።

በቀን አንድ ሰዓት ብታገኙ ሃያውን ለካርቶን፣ ሃያውን ለጆሮ፣ ሃያውን ለአፍ። ግማሽ ሰዓት ብቻ ካላችሁ ካርቶኑን ቀንሱ፣ አፉን አትንኩ። በቀን አንድ ሰዓት ማለት 750 ሰዓት ለመሙላት ከሁለት ዓመት በላይ ነው፤ «በሦስት ወር አቀላጥፎ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ይቺን ማካፈል አድርጉ።

ወደ ጎረቤቴ ልጅ ልመለስ። ትናንት ማታ መጥታ «ጋሼ፣ ያልከኝን ሰው አገኘሁት» አለችኝ። አክስቷ ጅዳ ናት፣ እዚያው አግብታ ሦስት ወልዳለች። ልጆቹ ኦሮምኛም አማርኛም አይሰሙም። በየዒዱ ቪዲዮ ሲደወል ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞርና እሷ ጋ ሲደርስ ከትልቋ ልጅ ጋር እጅ ተወዛውዘው ይሳሳቃሉ፣ ከዚያ ስልኩ ይቀጥላል። እኩያዋ ናት ልጅቱ። ፊደሉንም መድረሳ ተምራዋለች።

ካርቶን ሰጠኋት። የመጀመሪያዋን ወረቀት እዚያው ጻፈች፣ «ደሒን ኤሽ ተስዊ?»፣ አሁን ምን እየሠራሽ ነው። የ«ደሒን»ን «ሐ» ድምፅ ከኔ ይልቅ አሳምራ አለቻት።